«ነገ እመጣለሁ አለኝ»፦ የእንግሊዝኛ የግሥ ጊዜያትና ተዘዋዋሪ ንግግር ከአማርኛ አንጻር

መግቢያ

በሳይንስ መጽሔት ገጽ ላይ ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው መጻፋችን ያስገርማችሁ ይሆናል። ይሁን እንጂ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያም እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ ፊዚክሱንም፣ ኬሚስትሪውንም፣ ባዮሎጂውንም የምናነበውና የምንጽፈው በዚሁ ቋንቋ ነው። ሙከራውን በትክክል የሠራ ተማሪ አንዲት ግሥ በማዛነፉ ብቻ ያላየውን እንዳየ፣ ያልተረጋገጠውንም እንደተረጋገጠ አድርጎ ሊጽፍ ይችላል። በጉርድ ሾላ አካባቢ የሚገኘውን የዓለም አቀፉን የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም በመሳሰሉ የምርምር ተቋማት ተቀጥሮ ለመሥራት የሚያስብ ተማሪም የመስክ ዘገባውን የሚያዘጋጀው በእንግሊዝኛ መሆኑን ልብ ይሏል።

ተማሪዎችን በይበልጥ የሚያስቸግሩት ሁለት ርእሶች የግሥ ጊዜያትና፣ በተለምዶ «ሪፖርትድ ስፒች» የምንለው ተዘዋዋሪ ንግግር ናቸው። ብዙዎቻችን ሁለቱንም በሰንጠረዥ ሸምድደናል፤ ፈተናው ካለፈ በኋላ ግን ሰንጠረዡ ይጠፋናል። በእኛ እምነት ችግሩ የማስታወስ ችሎታ ማነስ አይደለም። አማርኛና እንግሊዝኛ የሌላውን ሰው ቃል የሚያስተላልፈውን ሰው በተለያየ ቦታ ያቆሙታል። ይህን ልዩነት የተረዳ ተማሪ ሰንጠረዡን ሳይሸመድድ ራሱ ሊሠራው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ልዩነቱን ደረጃ በደረጃ እናያለን፤ በመጨረሻም ልምምድ እናቀርባለን።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። የእንግሊዝኛውን ምሳሌዎች ሁሉ በራሳችን ፊደል ጽፈናቸዋል። አንባቢው እያንዳንዱን ምሳሌ ድምፁን እያሰማ ካነበበ በኋላ በደብተሩ ላይ በላቲን ፊደል መልሶ ይጻፈው። ይህ ራሱ የመጀመሪያው ልምምድ ነው።

1. የግሥ ጊዜያት፦ አማርኛችን የት ላይ ያሳስተናል?

የትምህርት ቤት መጻሕፍት በእንግሊዝኛ አሥራ ሁለት የግሥ ጊዜያት እንዳሉ ያስተምራሉ። አማርኛ በአንጻሩ ኃላፊውን «ሄደ»፣ ቅርብ ኃላፊውን «ሄዷል»፣ ሩቅ ኃላፊውን «ሄዶ ነበር»፣ የአሁኑንና የትንቢቱን «ይሄዳል» ይላል። ስሕተት የሚበዛው የሁለቱ ቋንቋዎች ድንበር በማይገጥምባቸው በሚከተሉት አራት ቦታዎች ነው።

ሀ) «ይሄዳል» ሁለት ሥራ ይሠራል። «በየቀኑ ይሄዳል» ብንል ልማድ ነው፤ «ነገ ይሄዳል» ብንል ትንቢት ነው። እንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያውን «ሂ ጎውስ ኤቭሪ ዴይ»፣ ሁለተኛውን «ሂ ዊል ጎ ቱሞሮው» ብሎ ይለያቸዋል። ስለዚህ ከመተርጎማችን በፊት «ልማድ ነው ወይስ ገና የሚሆን?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ለ) አሉታው አንድ ይሆናል። በአዎንታ «በላሁ» እና «በልቻለሁ» ይለያያሉ። በአሉታ ግን ለሁለቱም ብዙውን ጊዜ «አልበላሁም» እንላለን። እንግሊዝኛ በአሉታም ልዩነቱን ይጠብቃል። «ትናንት አልበላሁም» ለማለት «አይ ዲድ ኖት ኢት የስተርዴይ»፣ «ገና አልበላሁም» ለማለት ደግሞ «አይ ሃቭ ኖት ኢትን የት» ይባላል። ሁለተኛው የመብላቱ በር ገና ክፍት መሆኑን ይገልጻል። የሙከራ ዘገባ የሚጽፍ ተማሪ «ናሙናውን አልመረመርንም» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መለየት አለበት፤ አንዱ ሥራው ሳይሠራ ጊዜው ማለፉን፣ ሌላው ሥራው ወደፊት ሊሠራ እንደሚችል ይናገራልና።

ሐ) ቅርብ ኃላፊና የተቆረጠ ቀን። በአማርኛ «ትናንት መጥቷል» ቢባል ጆሮ አይጎረብጠውም። በእንግሊዝኛ ግን «ሃዝ ከም» ከተባለ በኋላ «የስተርዴይ» ማለት ስሕተት ነው። ምሳሌ እንውሰድ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት፣ ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ.-1፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2019) ከቻይና ምድር መጥቃለች፤ የምድር ጣቢያዋም የተቋቋመው በእንጦጦ ተራራ ነበር። ቀኑን የምንጠቅስ ከሆነ «ዘ ሳተላይት ዎዝ ሎንችድ ኢን 2019» እንላለን። ቀኑን ትተን አገሪቱ ዛሬ ስላላት ልምድ ብቻ የምንናገር ከሆነ ግን «ኢትዮጵያ ሃዝ ሎንችድ ኤ ሳተላይት» ማለት እንችላለን። ቀን ከተጠራ «ሃዝ» እና «ሃቭ» ይወጣሉ፤ ደንቡ ይኸው ነው።

መ) በኃላፊ መልክ የሚነገር የአሁን ስሜት። «ደከመኝ»፣ «ራበኝ»፣ «ገባኝ» የተባሉት ግሦች መልካቸው ኃላፊ ነው፤ ትርጉማቸው ግን አሁን ያለንበትን ሁኔታ ይገልጻል። ስለዚህ «ደከመኝ» የሚለው «አይ አም ታየርድ» እንጂ «አይ ዎዝ ታየርድ» አይሆንም። የቡና ቤት አስተናጋጅ «መጣሁ!» ብሎ ወደ ጓዳ ሲገባም እንዲሁ ነው፤ እየሄደ ሳለ መጣሁ ማለቱ ለእኛ ግልጽ ነው፤ «አይ ኬም» ብሎ ለሚተረጉምለት እንግዳ ግን እንቆቅልሽ ይሆንበታል። ትክክለኛው «አይ አም ከሚንግ» ነው።

2. በ«አለ» ውስጥ የሚናገረው «እኔ» ማነው?

አሁን ወደ ተዘዋዋሪ ንግግር እንሻገር። «ወንድሜ ታምሜያለሁ አለኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንመልከት። አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ የታመመው ወንድምየው እንደሆነ ይረዳል። ይህን ቃል በቃል ወስደን «ማይ ብራዘር ቶልድ ሚ ዛት አይ አም ሲክ» ብንል ግን እንግሊዝኛ አንባቢ የታመምነው እኛ ነን ብሎ ያዝንልናል። ወንድማችን ሐኪም ሆኖ ሕመማችንን የነገረን ይመስለዋል። አንዲት ተውላጠ ስም በሽተኛውን ለወጠችው ማለት ነው። ትክክለኛው «ማይ ብራዘር ቶልድ ሚ ዛት ሂ ዎዝ ሲክ» ነው።

ይህ የአማርኛ ጠባይ በዓለም የሥነ ልሳን ጥናት ውስጥ የታወቀ ምሳሌ መሆኑን ብዙ ተማሪዎች አያውቁም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዴቪድ ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1977 አዘጋጅቶ በ1989 ባሳተመው ጥናቱ፣ «እኔ»፣ «አሁን»፣ «እዚህ» የመሳሰሉ ቃላት ዘወትር የሚያመለክቱት ዓረፍተ ነገሩን የሚናገረውን ሰው፣ የሚናገርበትን ጊዜና ቦታ ነው ሲል ተከራክሯል። ይህን ማመልከቻ ወደ ሌላ ተናጋሪ የሚያዛውር መሣሪያ ቢኖር «ጭራቅ» ይባል ነበር፤ እንዲህ ያለው ግን በእንግሊዝኛ የለም አለ። ፈረንሳዊው የሥነ ልሳን ምሁር ፊሊፕ ሽሌንከር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናቱና በ2003 ባሳተመው ጽሑፉ፣ ካፕላን የለም ያለው «ጭራቅ» በሰው ልጅ ቋንቋ ውስጥ እንዳለ ለማሳየት ከተጠቀመባቸው ዋነኛ ማስረጃዎች አንዱ አማርኛ ነው። «ሯጩ አሸናፊ ነኝ ይላል» ስንል «ነኝ» የሚለው የሚያመለክተው ሯጩን እንጂ ይህን ዓረፍተ ነገር የምንናገረውን እኛን አይደለምና።

አንዳንድ አንባቢ «ይህማ በጥቅስ ምልክት ውስጥ የገባ ቀጥተኛ ንግግር ነው» ይል ይሆናል። ሁልጊዜ እንዲያ አይደለም። «ምን እገዛለሁ አለህ?» የሚለውን ጥያቄ እናስተውል። «ምን» የሚለው የጠያቂው ቃል ነው፤ «እገዛለሁ» የሚለው ግን የሚገዛው ሰው አንደኛ መደብ ነው። ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስለተቀላቀሉ የጥቅስ ምልክት የምናስገባበት ቦታ የለም። አማርኛ የሌላውን ሰው «እኔ» ያለ ጥቅስም ይዞ መጓዝ ይችላል።

«እንደ» ብለን በምናስተላልፍበት ጊዜስ? «እንደሚመጣ ነገረኝ» ስንል መደቡ ወደ ሦስተኛ ተለውጧል፤ ጊዜው ግን አልተነካም። «የሚመጣ» የሚለው፣ መምጣቱ ከመናገሩ በኋላ መሆኑን ብቻ ያሳያል። «እንደመጣ ነገረኝ» ብንል ደግሞ መምጣቱ ከመናገሩ ቀድሟል። በአጭሩ አማርኛ ጊዜውን የሚለካው ንግግሩ ከተነገረበት ሰዓት ተነሥቶ ነው። እንግሊዝኛ ግን አስተላላፊው ዛሬ ከቆመበት ሰዓት ተነሥቶ ወደኋላ ይለካል። የሁለቱ ቋንቋዎች መሠረታዊ ልዩነት ይህ ነው።

3. አራቱ ሽግግሮች፦ ከጉርድ ሾላ የተደወለ ስልክ

ከዚህ ተነሥተን ደንቡን ራሳችን እንሥራ። አንዲት ተማሪ ሰኞ ዕለት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ በጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የምሥራቅ–ምዕራብ መስመር ላይ ካለ የጉርድ ሾላ ጣቢያ ሆና ለጓደኛዋ ደወለች እንበል። ቃሏም «እዚህ ጉርድ ሾላ ነኝ፤ ነገ ደብተርህን አመጣልሃለሁ» የሚል ነበር። ጓደኛዋ ረቡዕ ዕለት አራት ኪሎ ሆኖ ይህን ለሌላ ሰው በእንግሊዝኛ ሲያወራ እንዲህ ይላል፦

«ሺ ሴድ ሺ ዎዝ ዜር አት ጉርድ ሾላ ኤንድ ዛት ሺ ዉድ ብሪንግ ማይ ኤክሰርሳይዝ ቡክ ዘ ኔክስት ዴይ።»

የተለወጡት ነገሮች አራት ናቸው፦

– መደብ፦ «ነኝ» ያለችው እርሷ ስለሆነች «ሺ» ሆነ፤ «ደብተርህን» ያለችው ለእርሱ ስለሆነ «ማይ» ሆነ።
– የግሥ ጊዜ፦ «አም» ወደ «ዎዝ»፣ «ዊል» ወደ «ዉድ» አንድ እርምጃ ወደኋላ ሄዱ።
– የጊዜ ቃል፦ «ቱሞሮው» ወደ «ዘ ኔክስት ዴይ» ተለወጠ፤ የሰኞ ነገ የረቡዕ ነገ አይደለምና።
– የቦታ ቃል፦ «ሂር» ወደ «ዜር» ተለወጠ፤ አስተላላፊው ያለው አራት ኪሎ ነውና።

አሁን አስተላላፊውን እናንቀሳቅሰው። ማክሰኞ ዕለት ቢያወራ ኖሮ «ነገ» የተባለው ቀን ራሱ ዛሬ ስለሚሆን «ቱዴይ» ማለት ነበረበት። እርሱም ጉርድ ሾላ ቆሞ ቢያወራ ኖሮ «ሂር» የሚለው ሳይለወጥ ይቀር ነበር። እዚያው ሰኞ ዕለት ቢያወራ ደግሞ ነገው ገና ስላልመጣ «ሺ ሴድ ሺ ዊል ብሪንግ ኢት ቱሞሮው» ቢል ማንም አይነቅፈውም። እንግዲህ «ሂር ሁልጊዜ ዜር ይሆናል» ብሎ መሸምደድ ሊያሳስት እንደሚችል እናያለን። የሚያዋጣው ጥያቄ «አስተላላፊው አሁን የት ቆሟል? ቀኑስ ምንድን ነው?» የሚል ነው።

የጊዜው ሽግግር በአጭሩ እንዲህ ነው። «ኢዝ» ወደ «ዎዝ»፣ «ዎርክስ» ወደ «ዎርክድ»፣ «ሃዝ ዎርክድ» እና «ዎርክድ» ሁለቱም ወደ «ሃድ ዎርክድ»፣ «ዊል» ወደ «ዉድ»፣ «ካን» ወደ «ኩድ»፣ ግዴታን የሚገልጸው «መስት» አብዛኛውን ጊዜ ወደ «ሃድ ቱ» ይሻገራሉ። ይህም የሚሆነው አስተላላፊው ግሥ ኃላፊ ሲሆን ነው። «ሺ ሴይስ» ብለን በአሁን ጊዜ ከጀመርን የግሡ ጊዜ ባለበት ይቆያል።

ሰዓትም እንዳይረሳ። «በሦስት ሰዓት እመጣለሁ» ያለን ሰው በእንግሊዝኛ የሚመጣው «አት ናይን ኦክሎክ» ነው። ሰዋስዉ ተስተካክሎ ሰዓቱ ካልተለወጠ ቀጠሮው መፍረሱ አይቀርም።

4. «አለ» የተባለው ባለብዙ ሥራ ግሥ

በአማርኛ «አለ» የማይሠራው ሥራ የለም። «እሺ አለ»፣ «እምቢ አለ»፣ «ና አለኝ»፣ «የት ነህ አለኝ» እንላለን። እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ የተለየ ግሥ ወይም የተለየ አገነባብ አለው።

ትእዛዝ ሲሆን «ቱ» ይገባል። «ና አለኝ» የሚለው «ሂ ቶልድ ሚ ቱ ከም» ይሆናል። አሉታው «ሂ ቶልድ ሚ ኖት ቱ ከም» ነው።

ጥያቄ ሲሆን የቃላቱ ቅደም ተከተል ወደ ተራ ዓረፍተ ነገር ይመለሳል። «የት ነህ አለኝ» የሚለው «ሂ አስክድ ሚ ዌር አይ ዎዝ» ይሆናል እንጂ «ዌር ዎዝ አይ» አይሆንም። ጥያቄው አሁን እየተጠየቀ አይደለምና፤ እየተወራ ነው። መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚሆን ጥያቄ ከሆነ «ኢፍ» ወይም «ዌዘር» ይጨመርበታል።

«አለ» እና «አለኝ» አንድ ግሥ ናቸው፤ «ሴድ» እና «ቶልድ» ግን ሁለት ናቸው። «ቶልድ» የተነገረውን ሰው ወዲያውኑ ይጠራል፤ «ቶልድ ሚ»፣ «ቶልድ አስ» ይባላል። «ሴድ» ግን ብቻውን ይቆማል። ስለዚህ «ሂ ሴድ ሚ» ከአማርኛው «አለኝ» በቀጥታ የተቀዳ ስሕተት ነው።

«እሺ አለ» «አግሪድ»፣ «እምቢ አለ» ደግሞ «ሪፊውዝድ» ነው። በሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ ይህ የግሥ ምርጫ ከሁሉ ይበልጣል። አንድ ተመራማሪ «ሰጀስትድ» ከተባለ ሐሳብ ሰነዘረ ማለት ነው፤ «ክሌይምድ» ከተባለ እርሱ ይላል፣ እኛ ግን ገና አላመንንም ማለት ነው፤ «ሾውድ» ከተባለ በማስረጃ አሳየ፣ እኛም ተቀበልነው ማለት ነው። አማርኛው ሦስቱንም «አለ» ብሎ ሊያልፋቸው ይችላል፤ እንግሊዝኛው ግን አቋማችንን ያስመርጠናል።

5. ጊዜው የማይለወጠው መቼ ነው? የእንዶድ ምሳሌ

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። የቢልሃርዝያ ጥገኛ ትል የሕይወቱን አንድ ክፍል የሚያሳልፈው በቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሆነ ግኝቱ ታላቅ ነበር። ለዚህ ሥራቸው ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል።

ይህን ግኝት በእንግሊዝኛ ስናስተላልፍ ሁለት ምርጫ አለን፦

«አክሊሉ ፋውንድ ዛት እንዶድ ኪልድ ስኔይልስ።»
«አክሊሉ ፋውንድ ዛት እንዶድ ኪልስ ስኔይልስ።»

ሁለቱም በሰዋስው ትክክል ናቸው። የመጀመሪያው ያኔ የታየውን ይዘግባል፤ ዛሬም እውነት ነው ወይ የሚለውን አይነካም። ሁለተኛው ግን ጊዜውን ሳያሸጋግር በመቅረቱ፣ ነገሩ ዛሬም እንደሚሠራ ጸሐፊው ራሱ ይመሰክራል። «ኪልስ» ብሎ የጻፈ ሰው ከአክሊሉ ጎን ቆሞ ፊርማውን አኑሯል ማለት ይቻላል።

የመጻሕፍቱ ደንብ «ዘላለማዊ እውነት ከሆነ ጊዜው አይለወጥም» ይላል። በሳይንስ ግን ዘላለማዊ እውነት የሚመስለው ሁሉ እንዲያ ሆኖ አይቀርም። ቶሎሚ ምድር የዓለም ማእከል ናት ብሎ ያስተማረውን ስንዘግብ «ቶሎሚ ቶት ዛት ዚ ኧርዝ ዎዝ ዘ ሴንተር» እንላለን እንጂ «ኢዝ» አንልም፤ ብንል የቶሎሚ ደቀ መዝሙር ሆነን እንገኛለን።

በቤተ ሙከራ ዘገባም ይኸው ሥርዓት ይሠራል። የሠራነውና ያየነው በኃላፊ ይጻፋል፤ «ዊ ሂትድ ዘ ሶሉሽን» እንደማለት ነው። የታወቀ ጠቅላላ እውነት በአሁን ጊዜ ይጻፋል፤ «ሜታልስ ኤክስፓንድ ዌን ሂትድ» እንደማለት ነው። ቀን ሳንጠቅስ ሌሎች እስካሁን የደረሱበትን ስንገልጽ ደግሞ «ሰቨራል ስተዲስ ሃቭ ሾውን» እንላለን። አንድ ጊዜ ያየነውን በአሁን ጊዜ ብንጽፈው ከአንዲት ሙከራ ተነሥተን የተፈጥሮን ሕግ አወጅን ማለት ነው።

6. ልምምድ

የሚከተሉትን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። ከ5 እስከ 8 ያሉትን በተዘዋዋሪ ንግግር ጻፉ። መልሱን ከማየታችሁ በፊት «ማን ተናገረ? መቼና የት? አሁን የቆምኩት የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

1) ራበኝ።
2) ሪፖርቱን ገና አልጨረስኩም።
3) ትናንት አልመጣም።
4) ትምህርቱ በየቀኑ በሁለት ሰዓት ይጀምራል።
5) መምህሩ አሲዱን አትንኩ አሉን።
6) መምህርቷ ሪፖርቱን አስረክባችኋል? አሉን።
7) ጓደኛዬ ፈተናውን አልፌያለሁ አለኝ።
8) መምህሩ ውሃ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን የተሠራ ነው አሉን።

መልሶች

1) «አይ አም ሃንግሪ።» መልኩ ኃላፊ፣ ስሜቱ የአሁን ነው።
2) «አይ ሃቭ ኖት ፊኒሽድ ዘ ሪፖርት የት።» «ገና» በሩ ክፍት መሆኑን ይናገራል።
3) «ሂ ዲድ ኖት ከም የስተርዴይ።» ቀን ስለተጠራ «ሃዝ» አይገባም።
4) «ዘ ክላስ ስታርትስ አት ኤይት ኦክሎክ ኤቭሪ ዴይ።» ልማድ ነው፤ ሰዓቱም ተለውጧል።
5) «ዘ ቲቸር ቶልድ አስ ኖት ቱ ተች ዚ አሲድ።» ትእዛዝ በአሉታ ነው።
6) «ዘ ቲቸር አስክድ አስ ዌዘር ዊ ሃድ ሰብሚትድ ዘ ሪፖርት።» የጥያቄው ቅደም ተከተል ወደ ተራ ዓረፍተ ነገር ተመልሷል።
7) «ማይ ፍሬንድ ቶልድ ሚ ዛት ሂ ሃድ ፓስድ ዚ ኤግዛም።» ጓደኛችን ሴት ብትሆን ኖሮ አማርኛው «አለችኝ» ስለሚል «ሺ» እንላለን። «አይ» ብሎ የጻፈ ግን የጓደኛውን ውጤት ለራሱ ወስዷል።
8) «ዘ ቲቸር ቶልድ አስ ዛት ዎተር ኢዝ ሜድ ኦፍ ሃይድሮጅን ኤንድ ኦክስጅን።» «ዎዝ» ቢባልም ስሕተት አይደለም፤ «ኢዝ» ግን የእኛንም ምስክርነት ይጨምራል።

ማጠቃለያ

የሌላ ሰው ቃል ማስተላለፍ በማንኛውም ቋንቋ አደራ ነው። አማርኛ አደራውን የሚወጣው የተናጋሪውን «እኔ» እና የተናጋሪውን ጊዜ እንደነበሩ ይዞ በመምጣት ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ሁሉን ነገር አስተላላፊው ከቆመበት ቦታ ዳግመኛ በመለካት ይወጣዋል። አንዱ ከሌላው አይበልጥም፤ ነገር ግን በአንዱ መለኪያ የሌላውን መስፈር አይቻልም።

ልምምዱን ለመቀጠል የምትሹ አንባቢያን በየቀኑ ከሰማችሁት ወሬ ሦስት «አለኝ» ወይም «አለችኝ» መርጣችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ። በማግስቱ እነዚያኑ ዓረፍተ ነገሮች ቀኑንና ቦታውን ለውጣችሁ እንደገና ጻፏቸው። ጥቂት ሳምንታት በዚህ ከዘለቃችሁ የሰንጠረዡ አስፈላጊነት እየቀነሰ መሄዱን ራሳችሁ ትመሰክራላችሁ። መልካም ልምምድ!